የቤቲ ስላይድ እና የለቡዋ ፍየል

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጫማዬ ውኃ ጠጣ። ላብራቶሪ ስደርስ ካልሲዬን አውልቄ ማሞቂያው ላይ ዘረጋሁት። ሉቃስ አየና «ሙሉ፣ ይኼም ናሙና ነው?» አለኝ። የላብ ቴክኒሺያን ሆኖ የማይመለከተው ነገር የለም።

የማይክሮስኮፑ ስላይድ ዛሬም ያው ነው። አረንጓዴ... ሁሉም ነገር አረንጓዴ። ፓራሳይቱም ባዶ መስታወቱም እኩል ያበራሉ። ዓይኔን ስጨፍን ራሱ አረንጓዴ ነው የሚታየኝ።

እስኪ ለራሴ ልጻፈው፣ ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ስላይዱ ላይ የሞተ ቶክሶፕላዝማ ተለጥፏል። ነፍሰ ጡር ሴትን ከያዘ ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ዓይንና አንጎል የሚጎዳ ፓራሳይት ነው። የሴትየዋን ሴረም፣ ማለትም ደሟ ረግቶ የሚቀረውን ቢጫ ውኃ፣ በላዩ አፈስሳለሁ። ይዟት ከሆነ ደሟ በሽታውን ለመዋጋት ያመረታቸው አንቲቦዲዎች ሄደው ይጣበቁበታል። ቀጥሎ የሚያበራውን ፈሳሽ አደርጋለሁ፤ እሱ ደግሞ የሰው አንቲቦዲ ላይ ይጣበቃል። በጨለማ ክፍል በማይክሮስኮፕ ሳየው ካበራ ይዟታል፣ ካላበራ የለባትም። በቃ። ችግሩ ይኼ ፈሳሽ ባዶ ቦታ ባገኘበት ሁሉ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ባዶውን አስቀድሞ በማይጎዳ ነገር መሙላት ያስፈልጋል። ብሎኪንግ የምንለው እሱ ነው። ሠርግ ቤት ያልተጠራ ሰው እንዳይቀመጥ ወንበሩን ቀድሞ በዘመድ እንደመሙላት።

በምን ልሙላው? የዱቄት ወተት ሞከርኩ፣ ስላይዱ ላይ ቆሻሻ ጥሎ ሄደ። ከከብት ደም የሚሠራው አልቡሚን ይሻላል፣ ግን ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ለሁሉም ሴቶች አይበቃም። ከሁሉ የሚመረጠው የፍየል ሴረም ነው። የሚያበራው ፈሳሽ ራሱ ከፍየል የተሠራ ስለሆነ ፍየል ከፍየል አይጣላም። ትእዛዙ ከጥር ጀምሮ መንገድ ላይ ነው ይሉናል... የት መንገድ ላይ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ከሥራ ስወጣ ቤቲ ደወለች። ቤተልሄም፣ ታናሽ እህቴ። ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ነፍሰ ጡሮችን ለምንመረምርበት ጥናት ደም ስጪ ብዬ ጤና ጣቢያ የጎተትኳት እኔ ነኝ። ውጤቴስ አለች። ገና ነው አልኳት። በፋሲካ ባሏ አምሐ ያመጣውን ጥሬ ሥጋ በልታለች፣ ከዚያ ወዲህ ስልኳ ላይ የማታነበው ነገር የለም። እኔም አብሬሽ በልቻለሁ አይደል አልኳት። «አንቺ አላረገዝሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ስብሰባ። ኃላፊያችን ዶክተር ወጋየሁ ጥናቱ ዘገየ ብለው ተቆጡ። ሴቶቹ ውጤት እየጠበቁ ነው፣ ፅንስ ደግሞ ትእዛዝ እስኪገባ ቆሞ አይጠብቅም አሉ። ልክ ናቸው። ከዚያ ድንገት... «አዲስ አበባ ውስጥ ፍየል ጠፋ እንዴ? ለምን ራሳችን አንሠራውም?»

ሉቃስ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ማንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም ይቻላል። ደም መቅዳት፣ ማርጋት፣ ማጣራት። ምን ችግር አለው?

ሉቃስ ለቡ ነው የሚኖረው። ግቢው አጠገብ ጋሽ ጉተማ የሚባሉ ፍየል አርቢ አሉ፤ አካባቢው ኮንዶሚኒየምና ቪላ ከመሆኑ በፊት ጀምሮ እዚያው ያሉ ሰው። እሱ ሊያናግራቸው ነው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ለቡ ሄድን። እኔ፣ ሉቃስ እና የዶክተር ጓደኛ የሆነው የእንስሳት ሐኪም ሸምሱ። በግንባታ አሸዋ መሃል መሃል እየዘለልን። የጋሽ ጉተማ ግቢ ሁለት ያላለቁ ፎቆች መካከል ተጣብቋል። እሳቸው አልነበሩም። ባለቤታቸው እማማ አማከለች ተቀበሉን።

ፍየሎቹ ተሰብስበው ቆመዋል። ሸምሱ አንዷን ወፍራም ሊይዝ ሲል እማማ አማከለች ከለከሉት። እሷ እርጉዝ ናት፣ ያቺኛዋ ታጠባለች፣ ደም ቢወሰድባቸው ይደክማሉ አሉ። ከኋላ አንዲት ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጎትተው አመጡልን። «ይቺን ውሰዱ። ከእሷ ምንም አንጠብቅም» አሉ።

ደስ አለኝ። ለእንስሳ እንዲህ የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም። ሸምሱ ዓይኗን አየ፣ አፏን አየ፣ ሆዷን ደባበሰ። ጤነኛ ናት አለ። ከአንገቷ ቀዳ። ፍየሏ ቆማ ቅጠል ታኝካለች፣ እኔ ነኝ የዞረብኝ። ገንዘብ ልንሰጥ ስንል እማማ ተቆጡን። ደሙን ምን ታደርጉበታላችሁ ሲሉ ለነፍሰ ጡሮች ምርመራ ነው አልናቸው። መረቁን። «በሰላም የሚገላገሉ ያድርጋቸው።»

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ማመን አቃተኝ። ጥቁር! ስላይዱ ጥቁር ነው። ያ ሁሉ የአረንጓዴ ጭጋግ ጠፋ። ማይክሮስኮፑ ጠፍቶ መስሎኝ መብራቱን ሁለቴ አየሁት።

ማነጻጸሪያ የምናደርገው የታወቀ ሕመምተኛ ሴረም ግን አበራ፣ ያውም በሚገባ። ትንሽ ደብዘዝ ያለ መሰለኝ... አምፖሉ አርጅቷል። ጥቂት አንቲቦዲ ያለው ደካማው ማነጻጸሪያ ካለቀ ቆየ፣ በኃይለኛው ብቻ ነው የሠራሁት። ይበቃል አሉ ዶክተር።

ሉቃስ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ እስክስታ ወረደ። ዶክተር ወጋየሁ ራሳቸው መጥተው አዩና «በሕይወቴ እንዲህ ንጹሕ ስላይድ አላየሁም» አሉ። ይኼን ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ጠብቄአለሁ። ለጥቁሯ ፍየል ጎመን ልወስድላት አስቤአለሁ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሁሉንም አንብቤ ጨረስኩ። ጥቂቶች አበሩ፣ የእነሱ ከእርግዝናቸው በፊት የቆየ ነው። የቀሩት ጥቁር። የቤቲም ጥቁር። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አላነሣሁም ረጅም ጊዜ... ደስ ይላል የእህትን ጤንነት በዓይን ማየት።

ወዲያው ደወልኩላት። ንጹሕ ነሽ አልኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። ቢሆንም ለማረጋገጥ ከአምሐ ጋር ሄጄ ሌላ ቦታ ልድገም ወይ አለችኝ። ለምን? ብርሽን ለሕፃን ልብስ አድርጊው አልኳት። የእኔን ሥራ ከማን ጋር ልታስተያይ ነው ብዬም ትንሽ ቅር ተሰኘሁ። ተሳሳቅን።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ልክ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ መካኒሳ መንገዱ ተዘግቷል።

ሴረሙ ሊያልቅ ስለሆነ ለሁለተኛው ዙር ለማስቀዳት ከሸምሱ ጋር ለቡ ሄጄ ነበር። ጎመኑንም ይዤ። እማማ አማከለች ሳቁብኝ፣ ለፍየል ጎመን የምትገዛ ሴት አየሁ ብለው። ጥቁሯ እጄ ላይ በላች። ግልገሎቹ ሲዘልሉ አየሁና፣ እንዲሁ ለጨዋታ፣ የእሷ የትኛው ነው አልኳቸው።

«የእሷማ ሞቶ ወጣ። አምና ያለቀኑ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ አልያዘችም፣ ለእርባታም አትሆን፣ ለወተትም አትሆን። ለዚህ እኮ ነው እሷን የሰጠናችሁ ልጄ። ሌሎቹን እንዳንጎዳ ብለን።»

ጎመኑ ከእጄ ወደቀ። ሸምሱ መርፌውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሱም ገባው።

ፍየል በስንት ነገር ያስወርዳታል። ምግብ፣ ብርድ፣ ሌላ በሽታ። ግን ፍየልን ከሚያስወርዱ ነገሮች ዋነኛው... እኔ ጠዋት ማታ በማይክሮስኮፕ የማየው ነው። ቶክሶፕላዝማ። ይኼን ተማሪ ሳለሁ በፈተና ጽፌዋለሁ። ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ! እና ግቢው ውስጥ ቆሜ ለምን ከእሷ ምንም አትጠብቁም ብዬ አልጠየቅኩም። ሸምሱም አልጠየቀም። ዶክተርም። በቸርነታቸው ተነክተን ዝም አልን።

ሸምሱ አልቀዳም። እማማ ምን አጠፋሁ ብለው ደነገጡ። ምንም አልኳቸው። ምንም አላጠፉም።

ፍየሏ ያ በሽታ ይዟት ከነበረ ሴረሟ በአንቲቦዲ የተሞላ ነው። በዚያ ሴረም ነው የሁሉንም ሴቶች ስላይድ የሞላሁት። ቤቲ... ቤቲ ልድገም ብላኝ ነበር።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ፍየሏን እንደ ሕመምተኛ መረመርኳት። ሴረሟን ፓራሳይቱ ላይ አፈሰስኩ፣ የፍየል አንቲቦዲ ላይ የሚጣበቅ ሌላ የሚያበራ ፈሳሽ ከጎረቤት ላብ ለመንኩ። ይቺ ሥራ ገና ሰኔ ላይ መሠራት የነበረባት ናት። አንድ ስላይድ። የግማሽ ቀን ሥራ።

ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ ከማለቴ በፊት ጸለይኩ። ጥቁር አድርገው ብዬ።

አበራ። እያንዳንዱ ፓራሳይት ዙሪያውን በአረንጓዴ ተከቦ... እንዲህ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ገባኝ። የፍየሏ አንቲቦዲ ባዶውን ወንበር ብቻ አይደለም የያዘው፣ የሙሽሮቹንም ጭምር ነው። የሴቶቹ አንቲቦዲ ሲመጣ መቀመጫ አጥቶ ታጥቦ ሄደ። የሚያበራው ፈሳሽ ደግሞ የሰው እንጂ የፍየል አያይም። ስለዚህ ጥቁር። ስለዚህ «ንጹሕ»። ብዙ አንቲቦዲ ያላቸው ተጋፍተው አበሩ፣ ጥቂት ያላቸው፣ ገና አሁን የያዛቸው፣ እነሱ ናቸው የጠፉት። ዋናዎቹ እነሱ ናቸው!

ዶክተር ወጋየሁን ጠራኋቸው። አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አዩ። «ውጤቱን ለጤና ጣቢያው ልከናል?» አሉ። ልከናል አልኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ረጅም ጊዜ ከጨለማ ክፍሉ አልወጡም።

ቤቲ ዛሬ ሁለቴ ደወለች። አላነሣሁትም። ምን እላታለሁ?

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ቅዳሜና እሑድ እዚሁ ነበርኩ። በምን ልሙላው የሚለው ጥያቄ እንደገና ከመጀመሪያው። አሁን ግን እንደ ሰው እየፈራሁ። ዶክተር ደካማ ማነጻጸሪያ ሴረም ከሌላ ቦታ ለምነው አመጡ። እያንዳንዱን ብሎኪንግ በእሱ ላይ ሞከርኩ፤ ደካማውን ሳይውጥ ባዶውን የሚሞላው የቱ ነው? ወተቱ አሁንም ቆሻሻ ነው። ጄላቲን ይሞከር አለ ሉቃስ፣ ከፊሉ ታጥቦ ይለቃል። የፍየሏ ሴረም ደካማውን ሙሉ በሙሉ ዋጠው፣ በዓይኔ አየሁ። አልቡሚን... ጀርባው ትንሽ ጭጋግ አለው፣ ደካማው ግን በደንብ ይታያል። አልቡሚን ነው። ከወር በፊት እጄ ላይ የነበረ ነገር። ንጹሕ ስላይድ ፈልጌ ተውኩት።

ጠርሙሱ ለሁሉም አይበቃም፣ የቀረው እስኪመጣ ተራ መያዝ አለበት። ቤቲ ከመጨረሻዎቹ ናት። የእሷን አስቀድሜ ልሥራ ብዬ ዶክተርን ለመጠየቅ ቢሯቸው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከፊቷ ያሉትስ እህት የላቸውም? ግን ልቤ... ልቤ እንዲህ አላለኝም። ደግነቱ ዶክተር ራሳቸው ወሰኑ። እርግዝናቸው ገና የሆነው ይቅደሙ፣ መድኃኒቱ የሚጠቅማቸው አሁን ነው አሉ። ቤቲ ወደ ፊት መጣች። ያኔ አለቀስኩ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አበራ።

የቤቲ። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። የሌላ ሴት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ሁለት ዓይነት ነው የምናየው። አንደኛው አንቲቦዲ ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ሌላኛው በሽታው ሲጀምር መጥቶ ከወራት በኋላ ይሄዳል። የቤቲ ሁለቱም አሉ። ማለትም አዲስ ነው። ማለትም በእርግዝናዋ ውስጥ።

ሉቃስን ጠራሁት። ጀርባው ጭጋግ አለው አይደል አልኩት፣ አልቡሚኑ ነው በለኝ አልኩት። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳደረገ ቆየ። ቀልደኛው ሉቃስ አንድም ቀልድ አልነበረውም። «ሙሉ፣ ጭጋግ ሁሉም ቦታ ላይ ነው የሚሆነው። ይኼ ፓራሳይቱን ብቻ ነው የያዘው» አለኝ። አውቃለሁ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ነገርኳት።

ጀሞ ቤቷ ሄድኩ። አምሐ ነበር። ቤቲ ለሕፃኑ የገዛችውን ልብስ ሶፋው ላይ ደርድራ እያሳየችኝ ነበር፣ ቢጫ ኮፍያ... ቀይ ኮፍያ... ያቋረጥኳት እኔ ነኝ። ፍየሏን፣ ሴረሙን፣ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። አምሐ ቀድሞ ገባውና ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠን። ሥጋውን ያመጣሁት እኔ ነኝ አለ።

ያለቅሳል ያልኩት የቤቲ ፊት ደረቅ ነበር። «ልድገም ስልሽ አያስፈልግም አልሽኝ» አለች።

አዎ አልኳት።

«ሙሉዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴን እያሻሸሁ ተደስቻለሁ። አንቺ ስላልሽኝ።»

ከሶፋው ላይ ልብሱን መሰብሰብ ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስወጣ ኮፍያዎቹን አንድ በአንድ ስታጥፍ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ጎረቤት ምን ሆንሽ ልጄ አለችኝ። አዞረኝ አልኳት።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ቤቲ መድኃኒት ጀመረች። መድኃኒቱ ወደ ፅንሱ የመተላለፉን ዕድል ይቀንሳል። ይቀንሳል... አያጠፋም። ሐኪሟ ቀደም ብሎ ቢጀመር ጥሩ ነበር አለች። ቤቲ ወደ እኔ አልዞረችም። እኔ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ሌሎችም ሁለት ሴቶች አበሩ። ዶክተር ወጋየሁ ለማንም ሳያስተላልፉ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ነገሯቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፍየል ውሰዱ ያልኩት እኔ ነኝ ብለው። አንደኛዋ ሰደበቻቸው፣ ቆመው ሰሙ። ተመልሰው ሲመጡ ግን ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው አየኋቸው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ለቡ ሄድኩ። መንገር ነበረብኝ። ፍየል ያለቀኑ ስትጥል በባዶ እጅ አትንኩ፣ ወተቱን አፍሉ፣ እርጉዝ ካለች ወደ ጋጣው አትግባ። እማማ አማከለች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኛ እኮ ለደግ ብለን ነው አሉ። ጋሽ ጉተማ ደግሞ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር አሉ። ቁጣ አልነበረውም፣ እንዲሁ ነው ያሉት። እውነት ነው። ብንጠይቅ ይነግሩን ነበር።

ጥቁሯ መጥታ ኪሴን አሸተተች። ጎመን አልያዝኩም ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ቤቲ አሁንም ስልኬን አታነሣም። አምሐ ነው የሚነግረኝ። ደህና ናት ይላል።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ራሷ ደወለች! አልትራሳውንድ ልትታይ ነው፣ አምሐ ሥራ ስላለበት አብረሽኝ ሂጂ አለች። ሥራዬን ለሉቃስ ትቼ ሄድኩ። የፅንሱ ጭንቅላት ደህና ይመስላል አሉ፣ ውኃ አልያዘም። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ረገጠኝ። ይቅር ብላኛለች? አላውቅም። አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የፍየል ሴረሙ ገባ። የጥር ወሩ ትእዛዝ። ማመን ያስቸግራል። ማሸጊያው ላይ የተመረመረ ተብሎ ተጽፏል። ከማንም ስላይድ በፊት በራሱ ፓራሳይቱ ላይ አፈሰስኩት፣ እንደ ሕመምተኛ። ሉቃስ አሁን ደግሞ ፋብሪካውን ጠረጠርሽ አለኝ። አዎ ጠረጠርኩ። ጥቁር ሆነ። በሚቀጥለው ቀን ደግሜ ሠራሁት።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ሴት ልጅ። ወፍራም፣ ጸጉራም፣ ጩኸቷ ኮሪደሩን ያናውጣል። ቢጫውን ኮፍያ አደረጉላት። ሁሉ ሰው ሲያለቅስ እኔ ዓይኗን ነው የማየው። ጨፍናዋለች።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ። እኔ፣ ቤቲ፣ አምሐ። በሕፃኗ ዓይን ውስጥ ጠብታ አደረጉ፣ ከዚያ ክፍሉን አጨለሙት። ስንት ወር ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስለሰው ዕጣ ስናገር ኖሬአለሁ፣ እንዲህ ከወዲያ በኩል ቆሜ አላውቅም።

ልጅቷ አለቀሰች፣ ተወራጨች። ቤቲ ጭንቅላቷን ያዘች። ሐኪሟ በትንሿ ብርሃን ቀኙን ዓይን አየች። ከዚያ ግራውን። የግራው አጭር ነበር፣ ልጅቷ እየጮኸች ነበር። መብራቱ በራ።

«ንጹሕ ናት» አለች ሐኪሟ።

አምሐ ተመስገን አለ። ቤቲ ሐኪሟን አላየችም። እኔን አየችኝ። ያቺን ቃል ከእኔ አፍ ሰምታታለች።

ወደ ሐኪሟ ተጠጋሁ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግራውን እንደገና ይዩልኝ» አልኩ። ሐኪሟ ቅር አላት፣ አይቼዋለሁ አለች። አምሐ ክንዴን ነካ፣ ሙሉ ተይ ማለቱ ነው። ወረፋው እስከ ደጅ ነው። ላፍር ነበር። ቤቲ ግን «ይታይልን» አለች። ተቀምጣ ልጅቷን አጠባቻት። እስክትረጋ ሁላችንም ጠበቅን፣ ሐኪሟም ጠበቀች።

እንደገና ጨለማ። አሁን ልጅቷ ዝም ብላለች። ሐኪሟም ዝም አለች። ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆመ... ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሉቃስ የቤቲን ስላይድ ሲያይ ነበር የሰማሁት።

ዳር ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ትንሽ፣ ከመሃሉ የራቀች። ማየቷን አይወስድባትም አለች ሐኪሟ። ግን መድኃኒት ዛሬውኑ ትጀምራለች፣ ዓመት ሙሉ ትወስዳለች። ሳይታወቅ ተትቶ ቢሆን ወደ መሃሉ... አልጨረሰችውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አመሰገነችኝ። አምሐ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ቤቲ አለቀሰች፣ ያኔ ሐምሌ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ።

በታክሲ ስንመለስ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«የመጀመሪያውንም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አለች።

አዎ አልኳት።

«እንደገና ይታይ ያልሽውም አንቺ ነሽ።»

የሕፃኗን ኮፍያ አስተካከልኩ። ቤት ስንገባ ሽሮፑን አውጥታ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ራሷ ልትሰጣት ትችል ነበር። ጠብታውን ለክቼ አፏ ውስጥ አደረግኩ። ፊቷን አጨማደደችና ሙሉውን ሸሚዜ ላይ ተፋችው። ቤቲ ከወራት በኋላ ሳቀች። እንደገና ለካሁ፣ እንደገና ሰጠኋት።